ኦርጋኒክ አርክቴክቸር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በረንዳው ላይ ሐረግ የተንጠለጠለበትን ፎቅ «የአሜሪካዊው አርክቴክት የፍራንክ ሎይድ ራይት ዓይነት ኦርጋኒክ ሕንፃ» ብሎ አቀረበው። ሐረጉ ቢደርቅ ሕንፃው ምን ይጎድልበታል? ምንም። እንግዲያስ ኦርጋኒክ አይደለም።

ራይት እ.ኤ.አ. በ1914 ቃሉን ሲያብራራ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያድግና ካለበት ሁኔታ ጋር የሚስማማ አሠራር ማለቱ ነበር። ስለ አትክልት አላወራም።

ጥለትን አስቡ። ቀሚስ ላይ በኋላ የተሰፋ ጌጥ ክሩ ቢፈታ ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው። ሸማኔው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሸመነውን ጥለት ግን ላውጣ ብትሉ ጨርቁ ራሱ ይበላሻል። ራይት የነደፈው፣ ቺካጎ ያለውና በ1910 ያለቀው የሮቢ ቤት እንዲህ ነው። ጡቦቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። በጡቦቹ መካከል ያለው ቋሚ ማልታ የጡቡን ቀለም ይዞ ይጠፋል፤ አግዳሚው ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥላ ይሠራል። ግድግዳው በሙሉ አግድም የተኛ መስመር ይሆናል። ያው መስመር ጣሪያው ላይ አለ፤ ውስጥም ሳሎኑና መመገቢያ ክፍሉ በእሳት ምድጃው ግራና ቀኝ በዚያው አቅጣጫ ይዘረጋሉ። የቱን ነቅላችሁ የቱን ታስቀራላችሁ?

«ተፈጥሮ ግን ቀጥ ያለ መስመር የላትም» የሚሉም አሉ። እነሱ ቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ ያለውን የራይትን ቤተ ክርስቲያን፣ ዩኒቲ ቴምፕልን ይዩ። በ1908 ያለቀ፣ ሳጥን የመሰለ፣ ምንም ያልተለበጠ ኮንክሪት ነው። ራይት ጎኖቹን አንድ ዓይነት ያደረጋቸው አንዱ ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርፅ ማውጫ) ተመላልሶ እንዲያገለግል ብሎ ነው። ቅርፁ የመጣው ከኮንክሪቱ አሠራር ነው፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ኦርጋኒክ የለም።

የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኦርጋኒክ መባል ከክብደት ስሌት አያድንም። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቫኒያ ፏፏቴ ላይ የተሠራው የራይት ቤት ፎሊንግዋተር፣ ሸማኔ ድሩን ችካል ላይ እንደሚወጥር፣ ቋጥኙን ይዞ ሰገነቶቹን አየር ላይ ይዘረጋል። ድሩ ሲላላ ጥለቱም ይረግባል። በግንባታው ወቅት ፌሮው ከመጀመሪያው ንድፍ በላይ ቢጨመርም፣ ሰገነቱ በዓመታት ውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። በ2002 የወለሉ ድንጋዮች ተነሥተው፣ ወለሉን የተሸከሙት ቢሞች በተወጠሩ የብረት ገመዶች ታሰሩና ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ገመዶቹ ዛሬም ከወለሉ ሥር ናቸው።