ለቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚሆኑ መጋዞች

ግንድ ይሰነጠቃል፣ አጠና ይቆረጣል። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ግስ የሰጠው በከንቱ አይደለም። መሰንጠቅ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ በቁመቱ መክፈል ነው፤ መቁረጥ ደግሞ ቃጫውን አቋርጦ ማለፍ። በጓሮው ወይም በመኪና ማቆሚያው ትንሽ የእንጨት ሥራ ክፍል ማደራጀት የፈለገ ሰው የማሽን ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት ከሁለቱ የትኛውን አብዝቶ እንደሚሠራ ቢለይ ገንዘቡን ያተርፋል።

ልዩነቱ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። የመሰንጠቂያ መጋዝ ጥርስ በተርታ የቆመ ትንንሽ መሮ ይመስላል፤ ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቃጫውን እየፋቀ ያወጣል። የመቁረጫው ጥርስ ጎኑ ሰያፍ ተደርጎ የተሞረደ ነውና ቃጫውን እንደ ቢላዋ ግራና ቀኝ ይበጥሳል። በእጅ መጋዝ ለመሰንጠቅ በአንድ ኢንች ከ4 እስከ 7 ጥርስ፣ ለመቁረጥ ከ8 እስከ 12 ጥርስ ይስማማል። ጥርሶቹ ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል የሚደረጉትም መጋዙ እንጨቱ ውስጥ የሚከፍተው መንገድ ከላሜራው ውፍረት ሰፋ እንዲልና መጋዙ እንዳይያዝ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጥ መጋዝ ተነክሶ ሲቀር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክንድ ሳይሆን የዚህ ዝንባሌ ማነስ ነው።

የእጅ መጋዝ ሲገዛ ጥርሱን በብርሃን ማየት ይገባል። ጫፉ ጠቆር ያለው በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ስለቱን ይዞ ይቆያል፣ ሲደነዝዝ ግን ሞረድ ስለማይበላው ይጣላል። በሞረድ የሚሳል መጋዝ ባለቤቱን ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል፤ መሳል ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ለመጋጠሚያ ሥራ ጀርባው በብረት የተጠናከረ አጭር መጋዝ ያስፈልጋል። የጃፓን መጋዞች ደግሞ የሚቆርጡት ሲገፉ ሳይሆን ሲሳቡ ነው፤ መሳብ ላሜራውን ስለሚወጥረው ስስ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፣ መንገዱም ጠባብና ንጹሕ ይሆናል። «ርዮባ» የሚባለው በአንድ ጎኑ የመሰንጠቂያ፣ በሌላው የመቁረጫ ጥርስ አለው።

ወደ ኤሌክትሪክ ሲገባ፣ ኮምፔርሳቶና ቺፕዉድ ለሚቆርጥ ሰው የመጀመሪያው መሣሪያ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ነው። የተለመደው ምላጭ 184 ሚሊ ሜትር ነው፤ 24 ጥርስ ያለው ለሸካራ ሥራ፣ 60 ያለው ለተለበጠ ጣውላ ይሆናል። እንጨት የሚላጠው ጥርሱ በሚወጣበት ገጽ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህ መጋዝ ሲቆረጥ መልካሙ ገጽ ወደ ታች፣ ምላጩ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ በሚወጣው የጠረጴዛ መጋዝ ሲሆን ወደ ላይ ይደረጋል። ቅርጽ ለማውጣት የሚያገለግለው ሽቅብ ቁልቁል የሚል ቀጭን መጋዝ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ግን አይጠበቅበትም።

ትልቁ ጥያቄ የጠረጴዛ መጋዝ ወይስ ባለ ቀበቶ መጋዝ የሚለው ነው። የጠረጴዛው ምላጭ ብዙውን ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቀጥተኛና ተመሳሳይ ስፋት በማውጣት አቻ የለውም። አደጋው ግን ከባድ ነው። የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ምላጩን ሲጨብጥ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል፤ ከምላጩ ኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት መንገዱን ከፍቶ የሚይዘው ለዚህ ነውና ነቅሎ መሥራት ፈጽሞ አይገባም። በአሜሪካ ስቲቨን ጋስ እ.ኤ.አ. በ1999 የፈጠረው ስልት ሥጋ ሲነካው ምላጩን በ5 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያቆማል፤ ይህ ያለው ማሽን ግን ውድ ነው።

ባለ ቀበቶው መጋዝ በሁለት መንኮራኩር ላይ የሚዞር ረጅም ላሜራ ነው። ዊልያም ኒውቤሪ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1808 ፈጠረው፤ ነገር ግን የላሜራው ብየዳ እየተበጠሰ ለብዙ ዓመታት ሳይጠቅም ቆየ፤ መላ የመጣው ከፈረንሳይ በ1846 ነው። ለትንሽ ክፍል ምርጫዬ እርሱ ነው። እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ወደ ታች ስለሚጫነው ወደ ሰው አይወረውረውም፤ ጣት ግን እንደማንኛውም መጋዝ ይቆርጣል። በጠባብ ላሜራ ጥምዝ፣ በሰፊ ላሜራ ወፍራም ጣውላን ለሁለት ይሰነጥቃል። መንገዱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የጠረጴዛው ሦስት ያህል ይወስዳል። ከዋንዛ አሥር ጊዜ ቢሰነጠቅ የአንዱ ብናኝ አንድ፣ የሌላው ሦስት ሴንቲ ሜትር ጣውላ ነው።

ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ ተመድቧል። በር ከፍቶ፣ ጭምብል አድርጎ መሥራት የግድ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ መጋዝ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር፦ የዚያ አገር ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። በእጅ የሚያዘውን ክብ መጋዝ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያሠራዋል። በከባዶቹ ማሽኖች ላይ የሚገጠመው ካርቦን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግር ትንሽ ቁራጭ) የሌለው ሞተር ግን ፍጥነቱ በኸርዙ ስለሚወሰን፣ ቮልቴጁ ቢስተካከልም ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይዞራል።