«ልብ የራሱ ምክንያት አለው»፦ አባባሉ ለማን ተባለ?

«ልብ አእምሮ የማያውቃቸው የራሱ ምክንያቶች አሉት።» ይህች አባባል ዛሬ የምትሰማው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የፍቅር ጉዳይ ነው፤ የማይሆን ሰው የወደደ ሁሉ እሷን ጠቅሶ ከመካሪዎቹ ይገላገላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝናል፤ ስለ እምነቱ የሚጠይቅ ወጣት ሲመጣ «ይህ የልብ ነገር ነው፤ በአእምሮ አይመረመርም» ተብሎ ይሰናበትባታል። ፈረንሳዊው የሒሳብና የፍልስፍና ሰው ብሌዝ ፓስካል ዓረፍተ ነገሯን ሲጽፍ ግን የሚያናግረው ተጠራጣሪውን ነበር። ያናገረውም አክብሮት፣ በተጠራጣሪው ሜዳ ገብቶ ነው።

ፓስካል (እ.ኤ.አ. 1623–1662፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አእምሮን የሚንቅ ሰው አልነበረም። ገና በወጣትነቱ የሚደምርና የሚቀንስ ባለ ጥርስ መዘውር ማሽን ሠራ። በ1648 የእህቱ ባል በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገ፤ ሜርኩሪው ከተራራው ሥር ከነበረበት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ አየርም ክብደት እንዳለው ታየ። በ1654 ከሒሳብ ሊቁ ፌርማ ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ ደግሞ የተቋረጠ የቁማር ጨዋታ መደብ እንዴት እንደሚከፈል አሰላ። የእድል ስሌት ሀ ብሎ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ልብ» ሲል ስሜትን ብቻ ማለቱ ነው ብሎ መገመት ከባድ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ የተወለደችበትን የወረቀት አሠራር ሳያውቁ ትርጉሟን ማግኘት ያስቸግራል። ፓስካል ለክርስትና መከላከያ የሚሆን ትልቅ መጽሐፍ አስቦ ነበር። ሰፊ ወረቀት ያወጣና በአናቱ ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋል። አንድ ሐሳብ ይጽፋል፣ ከሥሩ አጭር መስመር ያሰምራል፣ ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ ይጽፋል። ወረቀቱ ሲሞላ በመስመሮቹ ላይ ይቆርጠዋል። ቁራጮቹን በጉዳይ በጉዳያቸው ይለያል፣ ዳር ላይ ይበሳቸዋል፣ ክር አሳልፎም ያስራቸዋል። በ39 ዓመቱ ሲሞት ርእስ የተሰጣቸው 27 ጥቅሎችና ርእስ የሌላቸው ብዙ ሌሎች ቀሩ። ክር የገባበት ቀዳዳ በብዙዎቹ ላይ ዛሬም ይታያል።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ወረቀቶቹን በተገኙበት ተራ ማስገልበጡ ደግ ሥራ ነበር። በ1670 በወጣው የመጀመሪያ እትም ላይ ግን ወዳጆቹ ቅደም ተከተሉን ለወጡ፣ ያስፈራቸውንም አለዘቡ። በ1711 ደግሞ የእህቱ ልጅ ዋናዎቹን ቁራጮች በትልቅ መዝገብ ላይ አስለጠፋቸው። ወረቀት እንዳይባክን ታስቦ ቁራጩ የተለጠፈው ክፍት ቦታ በተገኘበት ነው፤ የሐሳቡን ተከታታይነት የጠበቀ አልነበረም። ጎረቤቱን ያጣ ዓረፍተ ነገር ጥቅስ ይሆናል፤ ጥቅስ የሆነውን ደግሞ ማንም እንደ ፈለገ ይወስደዋል። ተመራማሪዎች ወደ ቀደሙት ግልባጮች ተመልሰው ተራውን ያቃኑት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ተራው ሲቃና «ልብ የራሱ ምክንያቶች አሉት» የምትለዋ የምትገኘው ስለ እግዚአብሔር መኖር ውርርድ ከሚናገረው (እግዚአብሔር አለ ብሎ መወራረድ ያዋጣል ከሚለው) ዝነኛ ጽሑፍ ጋር፣ በአንድ ጥቅል ውስጥ ነው። ቀጥሎ ያለውንም አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ልብ በተፈጥሮው እግዚአብሔርንም ራሱንም ይወዳል፤ ለየትኛው እንደሚሰጥና በየትኛው ላይ እንደሚደነድን የሚመርጠው ራሱ ነው ይላል። ከዚያ ተጠራጣሪውን ፊት ለፊት ይይዘዋል፦ አንዱን ጥለህ ሌላውን አስቀርተሃል፤ ለመሆኑ ራስህን የምትወደው በምክንያት ነውን?

ስለ አመጣጧ የሚነገረው ብዙ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ነው የሚሉ አሉ፤ ፓስካል «ልቤን ወደ ምስክርህ አዘንብል» የሚለውን የመዝሙር 118 ቃል በወረቀቶቹ ውስጥ መጥቀሱ እውነት ነው። ለእኔ ግን ሥሯ ከሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምክንያቴ ሌላ ቁራጭ ነው። እዚያ ላይ እውነትን የምናውቀው በአእምሮ ብቻ ሳይሆን በልብም ነው ይልና ምሳሌ ይሰጣል፦ ቦታ ሦስት አቅጣጫ እንዳለው፣ ቁጥርም መጨረሻ እንደሌለው ልብ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ አእምሮ አንዱ የሌላው እጥፍ የሆነ ሁለት ካሬ ቁጥሮች እንደሌሉ ያረጋግጣል።

እስቲ እንሞክረው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ 5 በ5 ደግሞ 25፣ እጥፉ 50። በ1 ሳተ። 17 በ17 289 ነው፤ የ12 ካሬ 144፣ እጥፉ 288። አሁንም በ1። የ99 ካሬ 9801፤ የ70 ካሬ እጥፍ 9800። ይህን ያህል ተጠግቶ ለምን አይገጥምም? ማረጋገጫው እንዲህ ነው። እጥፍ የሆነ ጥንድ አለ እንበልና ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ እስከማይቀራቸው ድረስ ሁለቱን ቁጥሮች እናሳጥራቸው። የትልቁ ካሬ የሌላው ካሬ እጥፍ ነውና ተጋማሽ ነው፤ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ምንጊዜም ኢ-ተጋማሽ ስለሚሰጥ ትልቁ ቁጥር ራሱ ተጋማሽ መሆን አለበት። እንግዲያስ ካሬው ለ4 ይካፈላል፤ ግማሹ፣ ማለትም የትንሹ ካሬ፣ ለ2 ይካፈላል፤ ትንሹም ቁጥር ተጋማሽ ሆነ። ሁለቱም ለ2 ተካፈሉ ማለት ነው፤ የጋራ አካፋይ የላቸውም ብለን የጀመርነው ፈረሰ። እንዲህ ያለ ጥንድ የለም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የአእምሮ ነው። ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ሌላ ቁጥር እንዳለ፣ ነገር እርስ በርሱ ሲጋጭ አንዱ መውደቅ እንዳለበት ማን አረጋገጠልን? ማረጋገጫው ሁሉ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ፓስካል ይህን መነሻ የሚይዘውን «ልብ» አለው። ነቅተን እንጂ እያለምን እንዳልሆነ እንደምናውቅም ይናገራል፤ አስረዱ ብንባል ግን አንችልም። አለመቻላችን የሚያሳየው የአእምሮን ድካም ነው፤ የእውቀታችንን ሐሰትነት አያሳይም ይላል።

ይህ መልስ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ወሳኝ ነው። በ1562 አሳታሚው አንሪ ኤስትየን የጥንቱን ግሪካዊ ተጠራጣሪ የሴክስተስ ኤምፒሪከስን ሥራ በላቲን አሳተመ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ አንብቦት አባባሎቹን በቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተሸካሚ እንጨቶች ላይ አስጻፈ። የሞንቴኝ ክርክር እስከ ዛሬ ያስጨንቃል፦ በነገሮች ላይ ለመፍረድ መሣሪያ ያስፈልገናል፤ መሣሪያውን ለመፈተን ማስረጃ፣ ማስረጃውን ለመፈተን ደግሞ መሣሪያ። ዙሪያ ጥምጥም ነው። ፈላስፋው ዴካርት በ1641 ከዚህ ለመውጣት የእግዚአብሔርን መኖር በፍልስፍና ማስረጃ አቆመ። ፓስካል አልተደሰተበትም። እንዲህ ያሉት ማስረጃዎች ከመወሳሰባቸው የተነሣ ሰው እያያቸው ቢያምን እንኳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተታልዬ ይሆን ብሎ ይፈራል አለ። ስለዚህ ሞንቴኝን «ልክ ነህ፤ ሁሉ በማስረጃ አይቆምም» ብሎ ተቀበለውና እዚያው ላይ ያዘው፦ አንተም ብትሆን ያልተረጋገጠ መነሻ ይዘህ ነው የምትኖር።

እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር። «አንዱን ጥለህ ሌላውን አስቀርተሃል» የተባለው ሰው የፓሪሱ ጨዋና ቁማርተኛ ወዳጁ ዳሚየን ሚቶን ይመስለኛል። ፓስካል በሌላ ቁራጭ «እኔነት የተጠላ ነው፤ አንተ ሚቶን ትሸፍነዋለህ እንጂ አታስወግደውም» ይለዋል። ጉዳዩ ያው ራስን መውደድ ነው። የውርርዱ ቋንቋም ለቁማር ጠረጴዛ ሰው የተቆረጠ ነው፦ አንድ ሕይወት አስይዘህ ሁለት ወይም ሦስት የምታገኝ ከሆነ፣ የማግኘትና የማጣት እድሉም እኩል ከሆነ፣ ትጫወታለህ፤ እንግዲያ ወሰን የሌለው ሕይወት ሲቀርብልህስ?

ውርርዱ ተቃዋሚ አላጣም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በ1734 አንድን ነገር ለማመን ጥቅም ስላለኝ ነገሩ መኖሩ አይረጋገጥም አለ። ፈላስፋው ዲዴሮ ደግሞ ኢማምም በዚሁ መንገድ ሊከራከር ይችላል አለ። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፤ ውርርዱን ብቻውን ለያዘ ሰው መልስ የላቸውም። ስለ ልብ የተጻፉትን ቁራጮች አብሮ ላነበበ ግን ውርርዱ የደጁ ማንኳኳት ብቻ ነው፤ ፓስካል ራሱ እምነት ማለት እግዚአብሔር ለልብ ሲሰማ እንጂ ለአእምሮ ሲሰማ እንዳልሆነ በዚያው ጥቅል ጽፏል።

ጠያቂን ለማባረር አባባሏን የሚመዙ መምህራን ይህን ቢያዩ መልካም ነበር። ያው ፓስካል «ሁለት ጽንፍ፦ አእምሮን ማስወጣት፣ ከአእምሮ በቀር ሌላ አለመቀበል» ብሎ ሁለቱንም አውግዟል። የአእምሮን መሠረቶች ብንጥስ ሃይማኖታችን የማይረባና መሳቂያ ይሆናል ያለውም እሱ ነው። ተራራ ላይ ቱቦ አስወጥቶ የለካን ሰው ቃል «አትጠይቅ» ለማለት መጠቀም በደል ነው። ለፍቅር የሚጠቅሷትም ቢሆኑ «ለመሆኑ ራስህን የምትወደው በምክንያት ነውን?» የሚለውን አስከትለው ያንብቡላት፤ ጥያቄው እነሱንም ይመለከታል።