ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለመኑት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እንኳን ከቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ሐምሌ 19 ሐዋሳችን ከየአገሩ የመጣውን እንግዳ ተቀብላ አስተናግዳለች። የማታውቁትን ሰው ሳሎናችሁ ያስተኛችሁ፣ እግሩን ያጠባችሁ፣ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን በአጥቢያችን አንድ ወረቀት መዞር ጀምሯል። መጠጥ ለጎዳና የዳረጋቸው ወገኖቻችን የሚያድሩበት መጠለያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ባለው ባዶ ግቢ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ወረቀቱ «እዚህ አይሠራብን» ይላል። ከእድር እድር እየዞረ ይፈረምበታል፤ ከፈራሚዎቹም ብዙዎቹ አብረን የምናስቀድስ ናቸው።

መጠለያው ጨርሶ አይሠራ ያለ የለም። ሁሉም የሚለው «ይሠራ፤ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ» ነው። ይህን በሰማሁ ቁጥር የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ፊቴ ላይ ይደቀናል።

በጌርጌሴኖን አገር የነበረውን፣ አጋንንት ያደሩበትን ያን ሰው ታውቁታላችሁ። በመቃብር ይኖር ነበር፤ ሌሊትና ቀን ይጮኻል፣ ሰውነቱን በድንጋይ ይቧጭራል። የአገሩ ሰዎች ምንም አላደረጉም አይባልም፤ ብዙ ጊዜ በእግር ብረትና በሰንሰለት አስረውታል። ሰንሰለቱን ሲበጥስባቸው ጊዜ መቃብር መካከል ተዉት። በእነርሱ ቤት ነገሩ አልቋል። ሰውየው ቦታ ተገኝቶለታል፤ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ።

ከዚያ ጌታ መጣ፤ አጋንንቱን ከሰውየው አወጣ፣ እነርሱም ወደ እሪያዎች መንጋ ገቡ። ወንጌላዊው «ለብሶ ልቡም ተመልሶ ተቀምጦ አዩና ፈሩ» ይለናል። እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ራቁቱን ሲጮኽ ለምደውት የኖሩ ሰዎች፣ ለብሶ ሲቀመጥ ፈሩት! ቁጥር 16ን ስታነቡ ምክንያቱ ይገለጣል። ያዩት ሰዎች ያወሩላቸው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ሰውየው የሆነው፣ ሌላው እሪያዎቹ የሆኑት። ሁለት ሺህ የሚያህል መንጋ ባሕር ገብቷል። ሒሳቡን ሠሩና ጌታን ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለመኑት። አልሰደቡትም፣ ድንጋይ አላነሱበትም፤ ለመኑት። የእኛም ወረቀት «በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የእኛ እሪያ ምንድን ነው? የቤት ኪራይ ይወርዳል ተብሏል። የሱቅ ደንበኛ ይሸሻል ተብሏል። አንድ ወንድማችንማ ወረቀቱን እያስፈረመ «ሰካሮች የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም» የሚለውን ጠቀሰልኝ። አዎ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ይላል። ግን በዚያው ቁጥር ከሰካሮች አስቀድሞ ገንዘብን የሚመኙ ተጠርተዋል፤ ከሰካሮች ቀጥሎ ተሳዳቢዎች። ወረድ ሲልም «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ» አለ። ጥቅስ ከመሐል ቆርጦ ወንድምን መምቻ ማድረግ ያሳዝናል። ደግሞስ በበዓሉ ማግስት ድራፍት ቤቱን ሞልቶ ያመሸው ማን ነበር? እኛ ጠጥተን ባጃጅ ተሳፍረን አልጋችን ላይ ስለምንወድቅ፣ ሰካራም የሚባለው አስፋልት ላይ የወደቀው ብቻ ሆነ።

ስካር ሁሉ ጋኔን ነው ማለቴ እንዳይደለ ልብ በሉልኝ። ሕመምም ነው። ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ አንዳንዱንም ይጥለዋል፤ ሐኪም ካልደረሰለት እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ጸበሉም ጸሎቱም ሐኪሙም ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሌሊት ባጃጅ በማይገኝበት ዳርቻ አስተኝተነው ሲንቀጠቀጥ፣ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ሪፈራል ማን ያደርሰዋል?

አንድ አባት «ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ የድኾችንና የሕሙማንን ቤት የሠራው ከከተማ ውጭ ነው» ብለው ተከራክረውኛል። እውነታቸውን ነው፣ ውጭ ነበር። ነገር ግን የቂሣርያው ጳጳስ ባስልዮስ ሕሙማኑን ወደ ዳር ልኮ እርሱ መሐል ከተማ አልቀረም። የለምጽ ሕሙማንን እንደ ወንድሞቹ አቅፎ ይስማቸው እንደነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል። ከወረቀቱ ፈራሚዎች መካከል ቤቱን ሸጦ መጠለያው አጠገብ ሊኖር የተዘጋጀ ካለ፣ ከከተማ ወጥቶ ይሠራ ሲል እሰማዋለሁ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። ሰውየው ከጌታ ጋር ለመሄድ ለመነ፤ ጌታ አልፈቀደለትም። «ወደ ቤትህ በቤተ ሰዎችህ ዘንድ ሄደህ» አለው። ጌታን ውጣልን ወዳሉት ሰዎች መካከል፣ ወደዚያው ሰፈር መለሰው! ልጃችሁ መጠጥ ለጎዳና ከዳረጋቸው አንዱ የሆነባችሁ እናቶች፣ ወረቀቱ ቤታችሁ ሲመጣ አንገታችሁን ደፍታችሁ የፈረማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይዟችሁ። ልጃችሁ ካርቶን አንጥፎ ከመቃብር ቤቱ ጥግ ቢያድርም፣ አረቄውን በሃይላንድ ይዞ ቢዞርም፣ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ጠርሙሱን ከአጥሩ ሥር ሸሽጎ፣ ጫማውን አውልቆ ደጀ ሰላሙን ሲሳለም በዓይኔ አይቻለሁ። ጌታ ወደ ቤትህ ሂድ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

የሰፈሩ ሰው ስጋት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ሴት ልጅ ከማታ ትምህርት የምትመለስበት መንገድ ነው። ስለዚህ መጠለያው የሌሊት ጥበቃ ይኑረው፣ መብራት ይግባ፣ መግቢያ ሰዓቱ ይታወቅ፣ መጸዳጃው አስቀድሞ ይሠራ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አረቄ ቤትም ጉዳይ አብሮ ይታይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ እነዚህን ይዛችሁ ኑና እንነጋገርባቸው። ወረቀቱም በዚያው ይቀርባል፤ ስሙን ከወረቀቱ ማሰረዝ የሚፈልግ ከስብሰባው በፊት ለእድሩ ጸሐፊ ይንገር።