«የዕንቁ ሐብል» ምንድን ነው?

እስቲ ካርታ ላይ የሕንድ ውቅያኖስን ተመልከቱ። ሕንድ መሃሉ ላይ ሾጥጣ ወደ ደቡብ ወርዳለች። አሁን በዙሪያዋ ያሉ ሦስት ወደቦችን በጣት ተከተሉ። ማይናማር ውስጥ ቻውክፕዩ፣ ስሪላንካ ውስጥ ሐምባንቶታ፣ ፓኪስታን ውስጥ ጓዳር። ሁሉም ጋር የቻይና ገንዘብ አለ። በክር ብታያይዟቸው በሕንድ አንገት ላይ የዋለ ሐብል ይመስላሉ። «የዕንቁ ሐብል» የሚባለው ይሄ ነው።

ስሙን ያወጣችው ቻይና አይደለችም። በ2005 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መከላከያ በተዘጋጀ ጥናት ነው የታወቀው። ቤጂንግ ወደቦቹ የንግድ ናቸው ትላለች። የራሷ ጭንቀትም አላት፤ በባሕር የምታስገባው አብዛኛው ድፍድፍ ነዳጅ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ መካከል ባለው ጠባብ የማላካ ወሽመጥ ነው የሚያልፈው። እሱ ቢዘጋባት ጉድ ይፈላል። ከቻውክፕዩ እስከ ዩናን ግዛቷ የነዳጅ ቧንቧ የዘረጋችው ለዚህ ነው።

ሕንድ ግን ዛሬ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ወደብ ነገ የጦር መርከብ ቢቆምበትስ ብላ ትሰጋለች። ስጋቱ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በ2014 የቻይና ሰርጓጅ መርከብ በስሪላንካው ኮሎምቦ ወደብ ላይ ቆሞ ነበር። ሕንድም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከጓዳር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የኢራኑ ቻባሃር ወደብ ገባች። ፓኪስታንን ሳትረግጥ አፍጋኒስታንና መካከለኛው እስያ የምትደርስበት በር ነው። በ2017 ለአፍጋኒስታን ስንዴ የላከችው በዚያ በኩል ነበር።

ስለ ሐምባንቶታ የሚወራው ግን መስተካከል አለበት። «ስሪላንካ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት ቻይና ወደቡን ወሰደችባት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወደቡ በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2010 ሥራ ጀመረ። መርከቦች ከፊቱ እያለፉ ይሄዳሉ እንጂ ጎራ የሚሉት ጥቂት ነበሩ። በ2017 ለ99 ዓመት ለአንድ የቻይና ኩባንያ በ1.12 ቢሊዮን ዶላር ተከራየ። ብሩ ግን የወደቡን ብድር አልሰረዘም። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ካዝናውን ሞላበት፤ ብድሩም እንዳለ ቀጠለ። አገሪቱን በጊዜው ያስጨነቃት በአብዛኛው ከዓለም የቦንድ ገበያ የተበደረችው ነበር። ይህን የማነሳው ለቻይና ጥብቅና ለመቆም አይደለም። «ሐብል» ስንል የኮሎምቦ ባለሥልጣናት ራሳቸው የወሰኑት ውሳኔ ይረሳል። ያ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ዕዳውን የሚከፍለው የዚያው አገር ሕዝብ ነው።

ፉክክሩ እኛ ደጃፍም ደርሷል። ጅቡቲ ውስጥ ጃፓን በ2011፣ ቻይና በ2017 የጦር ሰፈር ከፍተዋል። ከሞጆ በባቡር የተጫነ ኮንቴይነር ዶራሌ ወደብ ሲደርስ፣ ጎረቤቱ ያ የቻይና ሰፈር ነው።