ድቦቹና የቸኮሌት ከተማቸው፦ የሄርሺ ቤርስ ደጋፊዎች

ሄርሺ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ወደ 14,000 ገደማ ናቸው። የበረዶ ሆኪ አሬናዋ ደግሞ 10,500 ሰው ይይዛል። ሲሞላ፣ በቁጥር ብቻ ብናሰላው፣ ከከተማው አራት ሰው ሦስቱ እዚያ ተቀምጧል እንደማለት ነው። እርግጥ ተመልካቹ ሁሉ የሄርሺ ሰው አይደለም። ከሃሪስበርግ፣ ከላንካስተር፣ ከዮርክና ከሌባነን በመኪና ይመጣል። ቢሆንም ይህን የሚያህል አዳራሽ በዚህች ከተማ መቆሙ፣ ቆሞም መሙላቱ፣ ብዙ ትልልቅ ከተሞች የሚቀኑበት ነገር ነው።

ቡድኑ ሄርሺ ቤርስ ይባላል፤ ድቦቹ ማለት ነው። የሚጫወተው በአሜሪካን ሆኪ ሊግ ነው። ይህ ሊግ በሰሜን አሜሪካ ከከፍተኛው የሆኪ ሊግ፣ ከታዋቂው ኤንኤችኤል፣ ቀጥሎ የሚመጣ እርከን ነው። አሁን 32 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 72 ጨዋታ ያደርጋል፤ ግማሹን በሜዳው። በሊጉ ካሉት ሁሉ ሳይቋረጥ ረጅም ዕድሜ የቆየው ሄርሺ ነው። ሊጉን የተቀላቀለው በ1938 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሊጉን የካልደር ዋንጫ 13 ጊዜ አንስቷል። ይህን ያህል ያነሳ ሌላ ቡድን የለም።

እኔን ግን ከዋንጫው ይልቅ የሚገርመኝ ደጋፊው ነው። ሁለተኛ እርከን ላይ ያለ ቡድን መደገፍ የራሱ ሕመም አለው። የምትወደው ልጅ አይቆይልህም። ጥሩ በተጫወተ ቁጥር የሚሄድበት ቀን ይቀርባል። የሄርሺ ሰው ይህን እያወቀ ነው ለሰማንያ ምናምን ዓመት ወንበሩን ሳይለቅ የኖረው።

ከቸኮሌት የተወለደ ቡድን

ከተማዋን የቆረቆራት ሚልተን ሄርሺ ነው። የቸኮሌት ፋብሪካውን መገንባት የጀመረው በ1903 ነበር። ዛሬም የዋናው መንገድ መብራቶች ቅርጻቸው የፋብሪካው ትንሿ የቸኮሌት ከረሜላ ነው። በ1909 ለወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በኋላም አብዛኛውን ሀብቱን ትምህርት ቤቱን ለሚደግፍ የአደራ ድርጅት ሰጠ። ቡድኑን የሚያስተዳድረው ኩባንያም እስከ ዛሬ የዚያ አደራ ድርጅት ንብረት ነው። ስለዚህ ለትኬት የሚከፈለው ገንዘብ በስተመጨረሻ ልጆች ከሚማሩበት ቤት ጋር ይገናኛል።

ሆኪ ወደ ከተማዋ የገባው በ1931 ነው። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ የቸኮሌት ባርን የሚያስታውስ ስም ወጣለት፤ «ባርስ» ተባለ። ይሄ ስም ሳይሆን ማስታወቂያ ነው የሚል ወቀሳ መጣ። በ1936 «ቤርስ» ተብሎ ተቀየረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲሱ አሬና ተከፈተ።

አሬናው የተሠራበት ጊዜ ከባድ ነበር። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ሚልተን ሄርሺ ሠራተኛውን ሥራ ፈት ላለማድረግ ብሎ ሆቴልም፣ ስታዲየምም፣ የሕዝብ አዳራሽም ያሠራ ነበር። የአሬናውን ኮንክሪት ያቦኩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ጣሪያው እንደ ቅርፊት የሳሳ አንድ ወጥ ኮንክሪት ነው። ነዳፊው አንቶን ቴደስኮ የተባለ መሐንዲስ ነበር። ከውስጥ አንድም ምሰሶ የለውም። ለተመልካች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የትም ብትቀመጥ የሚከልልህ የለም። መቀመጫዎቹ ቁልቁል የተደረደሩ ስለሆኑ ከላይ ያለው ሰው በረዶው ላይ ያጎነበሰ ያህል ይሰማዋል። ከ7,000 በላይ ሰው ይይዝ ነበር፤ ያኔ የከተማዋ ነዋሪ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አባት የገነባውን ወንበር ልጁ ተቀምጦበት አደገ ማለት ማጋነን አይደለም።

የሚገርመው፣ የዚያ አሬና በጣም ዝነኛ ምሽት የሆኪ አይደለም። በመጋቢት 1962 ዊልት ቻምበርሌን በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው እዚያ ነው። የተመዘገበው ተመልካች 4,124 ነበር። የዓለም ታሪክ ሲሠራ አዳራሹ አልሞላም። የሄርሺ ሰው ልቡ ሆኪ ጋ ነበር።

ቡድኑ በ2002 ወደ አዲሱ ጃየንት ሴንተር ተዛወረ። አሮጌው አሬና ግን አልፈረሰም።

የሚሄዱት ተጫዋቾች፣ የሚቀረው ማልያ

በዚህ እርከን ያለ ቡድን ከኤንኤችኤል ቡድን ጋር ይጣመራል። ወጣቶቹን የሚልከውም የሚጠራውም የላይኛው ቡድን ነው። አንድ ተከላካይ ማታ ሁለት ግብ አግብቶ ከተጨበጨበለት በኋላ ጠዋት ስልክ ይደወልለታል፤ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ ደጋፊው የስሙን ማልያ ለብሶ ሲመጣ ልጁ የለም።

ሄርሺ በዚህ መንገድ የላካቸው ብዙ ናቸው። ጆን ካርልሰን፣ ብራደን ሆልትቢ፣ ጄይ ቢግል ሁሉም እዚያ ያለፉ ናቸው። ቢግል በሄርሺ በ2009 እና በ2010 የካልደር ዋንጫን አነሳ። በ2018 ደግሞ ሦስቱም የሄርሺ የላይኛው ቡድን ከሆነው ከዋሽንግተን ካፒታልስ ጋር የኤንኤችኤልን የስታንሊ ዋንጫ ወሰዱ። አሠልጣኞችም ይሄዳሉ። ብሩስ ቡድሮ በ2006 ለሄርሺ ዋንጫ ካመጣ በኋላ በ2007 ወደ ዋሽንግተን ተጠራ። ስፔንሰር ካርበሪም ሄርሺን አሠልጥኖ ካለፈ በኋላ በ2023 የካፒታልስ አለቃ ሆነ።

ታዲያ ደጋፊው ልቡን ምን ላይ ነው የሚጥለው? መልሱ ማልያው ላይ ነው። የላይኛው ቡድንም ራሱ ይቀያየራል። ሄርሺ ከቦስተን፣ ከበፋሎ፣ ከፒትስበርግ፣ ከፊላደልፊያ፣ ከኮሎራዶ ጋር ተጣምሮ ያውቃል። ከዋሽንግተን ጋር በ1977 ጀመረ፤ በ1984 ተለያዩ፤ በ2005 እንደገና ተገናኙ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሙ አልተለወጠም። ብዙ የሊጉ ቡድኖች የላይኛውን ቡድን ስምና ቀለም ያጠልቃሉ። ሄርሺ ግን የራሱ ነው። ባለቤቱም የላይኛው ቡድን ሳይሆን ከተማው ውስጥ ያለው ኩባንያ ነው። ለእኔ የደጋፊው ጽናት ዋናው ምስጢር ይሄ ነው፤ ቡድኑን ማንም ከላይ ሆኖ ሊያነሳበት አይችልም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማየት የማንቸስተርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እንግሊዝ ያለችውን ሳይሆን የአሜሪካዋን፣ የኒው ሃምፕሸሯን። ባለቤቱ የኤንኤችኤሉ የሎስ አንጀለስ ቡድን ነበር። በ2015 መጀመሪያ ቡድኑ ወደ ካሊፎርኒያ እንደሚዛወር ተነገረ። በዚያው የውድድር ዘመን ማንቸስተር የካልደር ዋንጫን አነሳ። ደጋፊው ጨፍሮ ሳያበቃ ቡድኑ ሄደ። በዚያ ክረምት በጠቅላላው አምስት የሊጉ ቡድኖች ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ፤ የላይኞቹ ቡድኖች ልጆቻቸውን በቅርብ ሊያገኙ ፈለጉ። ማንቸስተር በምትኩ የሦስተኛ እርከን ቡድን ተሰጣት። እሱም በ2019 ፈረሰ። ጥፋቱ የደጋፊው አልነበረም።

የሚቀሩ ሰዎችም አሉ፤ ከእነሱ ዋናው ፍራንክ ማተርስ ነው። በ1956 ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ወደ ሄርሺ መጣ። ከዚያ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ 1991 ድረስ ለ35 ዓመት አገለገለ። በ1992 የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ተጫዋች ሲመጣና ሲሄድ እሱን በየሳምንቱ የሚያየው ደጋፊ፣ ቡድኑ የእኔ ነው ማለት አይከብደውም ነበር።

ቁጥሩ ሲነበብ

ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሄርሺ ለብዙ ዓመታት በተከታታይ በተመልካች ብዛት የሊጉ አንደኛ ነበር። አማካዩ በአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከ9,000 በላይ ነበር። በ2010ዎቹ የሊጉ ጠቅላላ አማካይ ከ5,000 እስከ 6,000 ባለው መሐል ነበር። 9,000 ሰው በ36 ጨዋታ ሲባዛ 324,000 ይሆናል፤ የከተማዋን ነዋሪ ከ20 ጊዜ በላይ እጥፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ የሚነገረው የተመልካች ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተሸጠና የተሰጠ ትኬት ነው። በር ላይ የገባው ሰው ሊያንስ ይችላል። ማክሰኞ ማታ በረዶ ሲጥል 8,000 ተብሎ ተነግሮ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ የሚሆንበት ሊግ ብዙ ነው። ሄርሺ ይህን የሚቀንሰው በዓመት ትኬት ነው። በየዓመቱ ያንኑ ወንበር የሚያድስ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከጎንህ የሚቀመጠውን ሰው ታውቀዋለህ። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ታውቃለህ። ካልመጣ ትጠይቃለህ።

ሌላው ምክንያት ቀኑ ነው። የሊጉ ጨዋታ በብዛት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ላይ ይደረደራል። አንዳንዴ ሦስቱንም ቀን ይጫወታሉ። ለተጫዋቹ አድካሚ ነው፤ ልጆች ላለው ቤተሰብ ግን ይመቻል። ዋጋውም ከኤንኤችኤል በጣም ያንሳል። አባት፣ እናትና ሦስት ልጅ ኪሳቸው ሳይራቆት ይገባሉ። ኮኮ የሚባለው ቡናማ ድብ በየደረጃው እየዞረ ልጆቹን ያቅፋል።

ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚከተል በደንብ የታየው በጥር 2013 ነው። ቡድኑ ከአሬናው ወጥቶ በከተማዋ ስታዲየም፣ በሜዳ ላይ፣ በብርድ ተጫወተ። ተጋጣሚው ዊልክስ-ባሪ/ስክራንተን ፔንግዊንስ ነበር፤ እዚያው ግዛት ውስጥ ያለ የልብ ባላንጣ። 17,311 ሰው መጣ። ከከተማው ነዋሪ በላይ ማለት ነው። ሌላው የቅርብ ባላንጣ ሊሃይ ቫሊ ፋንተምስ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ሲገናኙ እንግዳው ደጋፊ በአውቶቡስ ስለሚመጣ የአሬናው ድምፅ ይለወጣል፤ መፎካከር ይጀመራል።

የአሻንጉሊት ዝናብ

ሄርሺን ከአካባቢው ውጪ ያስተዋወቀው፣ ደጋፊው አሻንጉሊት ወደ በረዶው የሚወረውርበት ቀን፣ በዓመት አንዴ ይመጣል። ልማዱ የተጀመረው በካናዳ ነው፤ በ1993 በካምሉፕስ ከተማ። ሄርሺ ከ2001 ጀምሮ ያደርገዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ አሻንጉሊት ይዞ ይመጣል፤ በብዛት ድብ። ጨዋታው ይጀመራል። አዳራሹ እንደሌላው ቀን አይጮህም፤ ይጠብቃል። ሕፃናቱ ድባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዳንዶቹ መስጠቱ እያሳዘናቸው፣ በረዶውን ያያሉ። ሄርሺ የመጀመሪያዋን ግብ ሲያገባ ሁሉም ይነሳል። ከላይኛው ደረጃ የተወረወረው ታች ያለው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው አንስቶ መልሶ ይወረውረዋል። ነጩ በረዶ ቡናማ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ተጫዋቾቹ ክምሩ ላይ ይወድቃሉ፤ እንደ ልጅ ይዋኙበታል። ጨዋታው ይቆማል። በጎ ፈቃደኞች በከረጢትና በሳጥን ይሰበስባሉ፤ ይቆጥራሉ።

በታኅሣሥ 2019 የተቆጠረው 45,650 ነበር። በጥር 2024 ወደ 74,599 ደረሰ። በጥር 5 ቀን 2025 ደግሞ 102,343 ሆነ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ለአንድ ወንበር ወደ 10 አሻንጉሊት ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ብቻ አላመጣውም። ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት አስቀድመው ሰብስበው ይልካሉ። አሻንጉሊቶቹ በአካባቢው ላሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይከፋፈላሉ። ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሕፃን እጅ ላይ ይደርሳሉ።

ዝም ያለው አዳራሽና የተመለሰው ጩኸት

በ2020 የፀደይ ወራት ሁሉ ነገር ቆመ። ኮሮና መጣና የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመትም የካልደር ዋንጫ ጨዋታ አልነበረም። ሄርሺ በ2021 በመደበኛው ውድድር ከሁሉ የተሻለ ውጤት አስመዘገበ፤ ዋንጫ ግን የሚጫወትበት የለም። ለደጋፊው ይህ ከሽንፈት ይከፋ ነበር።

ከዚያ 2023 መጣ። ሄርሺ በፍጻሜው ከካሊፎርኒያው ኮቼላ ቫሊ ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሰ። ማይክ ቬኪዮኒ በተጨማሪ ሰዓት አገባ። ዋንጫው ግን የተነሳው በሰው ሜዳ ነበር፤ የሄርሺ ሰው ቤቱ ሆኖ ነው ያየው።

በቀጣዩ ዓመት እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ። በሰኔ 24 ቀን 2024፣ ስድስተኛው ጨዋታ፣ በጃየንት ሴንተር። አሬናው ጢም ብሎ ሞልቷል። አራት ለአራት ሆነው ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። ማት ስትሮም አገባ። ዋንጫው አዳራሹን ሲዞር ደጋፊው አጠገቡ ነበር።

ከዋሽንግተን ለሚነሳ

በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ካፒታልስም የከተማቸው ቡድን ነው። ለነሱ ሄርሺ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ክረምት ላይ ልጆቹን ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርኩ የሄደ ሰው ጃየንት ሴንተርን ከጎኑ አይቶት ይሆናል። የሆኪው ወቅት የሚጀምረው ፓርኩ ሲቀዛቀዝ፣ በጥቅምት ነው። ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል፤ በረዶው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል። ሕፃን ይዞ የሚሄድ መስታወቱ አጠገብ ከመቀመጥ ከፍ ቢል ይሻላል፤ ተጫዋቾቹ መስታወቱ ላይ ሲላተሙ ድምፁ ያስደነግጣል። በአሻንጉሊቱ ቀን ለመግባት ግን ትኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት ግድ ነው።