የቲቤት ሙዚቃ ማሳጅ ቤት የምትሰሙት አይደለም

ባለፈው ወገቤን አሞኝ ማሳጅ ቤት ሄድኩ። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ሻማ በርቷል፣ ከስፒከሩ ደግሞ "ኡኡኡም" የሚል ድምፅ ያለማቋረጥ ይወጣል። ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። "የቲቤት ሙዚቃ ነው፣ ያረጋጋል" አለችኝ ልጅቷ። በሆዴ ተኝቼ ስለነበር አልተከራከርኩም። አሁን ግን ተነስቻለሁ፣ ስለ ቲቤት ሙዚቃ ሲባል የምሰማውን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

"ሳህኑ የቲቤት ጥንታዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው"

ያ ዙሪያው በእንጨት ሲታሽ የሚያዜመው የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን በየዮጋ ቤቱ "የቲቤት" ተብሎ ይሸጣል። ሳህኑ ከሂማላያ አካባቢ መምጣቱ ውሸት አይደለም። ግን ለሕክምናና ለማረጋጊያ የሚታሽ "የቲቤት ሙዚቃ" ሆኖ ስም ያወጣው ምዕራባውያን ዘንድ ነው፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በ1972 አንድ አልበም ከወጣ በኋላ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው።)

ገዳም ውስጥ የምትሰሙት ሌላ ነው። የእጅ ደወል አለ፣ ትልልቅ ከበሮ አለ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሲምባል አለ፣ ጊያሊንግ የሚባል ጥሩንባ አለ። ከሁሉም የሚገርመው ዱንግቼን ነው። እየተሰካካ የሚረዝም መለከት ነው፣ ከ3 ሜትር የሚያልፍ አለ፣ ጫፉን መሬት ወይም ማቆሚያ ላይ አስደግፈው ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ይነፉታል፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እንዲቀጥል። ከገዳሙ ጣሪያ ላይ ሲነፋ ሸለቆው ሙሉ ይሰማዋል። ማሳጅ ቤት ውስጥ ቢከፍቱት ደንበኛው ከአልጋው ይወድቃል።

"መነኮሳቱ ሁሉ በጉሮሯቸው ነው የሚያዜሙት"

ያንን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ የሚመስል እጅግ ወፍራም ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። በዋናነት የሚታወቁበት በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተቋቋሙት ግዩቶና ግዩሜ የተባሉ ሁለት ገዳማት ናቸው። በ1959 የቲቤት አመፅ በቻይና ጦር ሲደፈጠጥ የተሰደዱት መነኮሳት ሕንድ ውስጥ እንደገና አቋቁመዋቸዋል። የሌሎቹ ገዳማት ዜማ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው እንጂ እንደዚያ አይደለም። ከሞንጎሊያና ከጎረቤቷ ከቱቫ (ሩሲያ ውስጥ ያለች) የጉሮሮ ዘፈን ጋርም አንድ ነው ይባላል። ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ግን ቱቫዎቹ በጣም የሚታወቁት ከላይ በሚያወጡት እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ ሲሆን፣ እነዚህ መነኮሳት ወደ ታች ነው የሚወርዱት።

"ሙዚቃቸው ሁሉ ጸሎት ነው"

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቲቤታዊ ማለት ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ መነኩሴ ይመስለናል፣ ሕዝቡ ግን ያርሳል፣ ያክ የሚባለውን ጸጉራም ከብት ይጠብቃል፣ ያፈቅራል፣ ይጠጣል፣ ለሁሉም ደግሞ ዘፈን አለው። ቻንግ የሚሉት የገብስ ጠላቸው የራሱ ዘፈን አለው፣ ካልዘፈንክ አትጠጣም፣ ካልጠጣህ እንዘፍንብሃለን ዓይነት ነገር። አርጋ የሚባል ጣሪያና ወለል አሠራር ደግሞ አለ። ሠራተኞቹ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ዱላ ይዘው ይሰለፋሉ፣ የተደለደለውን ጭቃና ጠጠር እኩል እየደቁ፣ እየረገጡ፣ በሁለት ወገን እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዳንስ ነው ብላችሁ ልትምሉ ትችላላችሁ። በምሥራቅ፣ ካም በሚባለው አገር፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየዞረ ይጨፍራል። ሰሜን ምሥራቅ፣ አምዶ ውስጥ ደግሞ ላዪ አለ፤ ወንድና ሴት የሚመላለሱበት የፍቅር ዘፈን። ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ባሉበት ላዪ መዝፈን ነውር ነው። ሜዳ ላይ፣ ከዘመድ ርቀው ነው የሚዘፍኑት።

አብዛኛው የሕዝብ ዘፈናቸው አምስት ድምፅ ላይ የተሠራ ነው፣ እንደኛ ቅኝቶች። ለዚህ ይሆናል ጆሮዬ ቶሎ የለመደው።

"ተራራው ስለዘጋባቸው ከማንም ያልተቀላቀለ ነው"

ናንግማን ስሙ። የላሳ ከተማ ሰዎች ሙዚቃ ነው፣ በለሆሳስ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ይዘፈናል፣ ከዚያ በድንገት ይፈጥንና ወደ ጭፈራ ይገባል። መሣሪያዎቹን ተመልከቱ። ድራንየን አለ፣ አንገቱ ረዥም፣ ስድስት ክር ያለው። ፒዋንግ አለ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ። ዋሽንት አለ። ግዩማንግ ደግሞ ገመዶቹ በሁለት ቀጫጭን ዱላ የሚመቱ ሲሆን ከቻይና ነው የመጣው፣ የቻይናውም ዘር የሚመዘዘው ከፋርሱ ሳንቱር ነው። ስሙ ራሱ ያከራክራል። ገሚሱ "ናንግማ" ማለት "የውስጥ" ነው፣ ከቤተ መንግሥቱ እልፍኝ የመጣ ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ "ናግማ" ከሚለው የፋርስ ቃል፣ ማለትም ዜማ ከሚለው፣ በካሽሚር ሙስሊሞች በኩል ደረሰ ይላል። የቱም ይሁን፣ የላሳ ሙስሊሞች በናንግማ የታወቁ ነበሩ። አዎ፣ ላሳ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ሙስሊሞች አሉ፣ ይሄም ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

የናንግማ ጓደኛ ቶሼ ይባላል፣ የምዕራቡ አገር ዘፈን ማለት ነው፣ እግር በቦት ጫማ ሳንቃውን እየደለቀ የሚጨፈር። ለቲቤት መሪ ለዳላይ ላማ ቤተ መንግሥት ይቀርብ የነበረው "ጋር" የሚባለው ጭፈራም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ፣ በላዳክ በኩል የገባ ነው። የዚህ ጭፈራ መለከት "ሱርና" ይባላል። ቱርኮቹ "ዙርና" ይሉታል፣ ቃሉ የፋርስ ነው። እንግዲህ የተዘጋው አገር ይሄ ነው።

"ኦፔራቸው የቻይና ኦፔራ ቅጂ ነው"

አቼ ላሞ ይባላል። አቼ ማለት ታላቅ እህት ነው፣ ላሞ ደግሞ ሴት አምላክ። በወግ እንደሚነገረው የጀመረው ታንግቶንግ ጊያልፖ ነው፣ በብረት ሰንሰለት ድልድይ በመሥራት የሚታወቅ መነኩሴ። ለድልድዩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሰባት እህትማማቾችን አዘፈነ ይላሉ። ይህ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የፔኪንግ ኦፔራ ደግሞ መልክ መያዝ የጀመረው በ18ኛው መጨረሻ ላይ። አጃቢው አንድ ከበሮና አንድ ሲምባል ብቻ ነው። ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ጥላ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ይታያል፣ ተመልካቹም ምግቡን ይዞ መጥቶ እየበላና እያወራ ነው የሚያየው። ትልቁ በዓል ሾቶን ይባላል። የእርጎ ግብዣ ማለት ነው! ኦፔራውን ዩኔስኮ በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል፣ ከጌሳር ንጉሥ የጀግንነት ተረክ ጋር በአንድ ዓመት።

ሁለት አጫጭር

"በቃል ብቻ ነው የተላለፈው" ይባላል። የገዳሙ ዜማ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚያሳይ ጠመዝማዛ መስመር የያዘ መጽሐፍ አለው፤ የኛን የድጓ ምልክት ያየ ሰው አይገርመውም። ሳክያ ፓንዲታ የተባለው ሊቅ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሙዚቃ መጽሐፍ ጽፏል።

"በሰው አጥንት ነው የሚጫወቱት" የሚለው ግን እውነት አለበት። ካንግሊንግ ከሞተ ሰው ጭን አጥንት የሚሠራ መለከት ነው። ለዚያ ብሎ የሚገደል የለም፣ ሞትን ለማስታወስ በሚደረግ ጸሎት ላይ ነው የሚነፋው፣ ከብረት የተሠራም አለ።

"አሁን ሙዚየም ገብቷል"

ገዳማት ፈርሰዋል፣ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰዷል፣ ይሄ አይካድም። ስደተኞቹ ግን በ1959፣ ገና እግራቸው ሕንድ ሲረግጥ፣ ካሊምፖንግ ላይ የኪነ ጥበብ ተቋም ከፍተዋል፣ በኋላ ወደ ዳራምሳላ ተዛውሯል። አምዶ ውስጥ ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ ወጣቶች ማንዶሊን አንስተው ዱንግሌን የሚባል ዘፈን ፈጠሩ፣ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት። እዚያው ላሳ ውስጥ የማታ ጭፈራ ቤቱ "ናንግማ" ነው የሚባለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከፍታችሁ ስሙት። ላዪ ከሆነ ግን እናታችሁ ስትወጣ።