የአሳማ ዘር ማቅጠኛ ምንድን ነው?

ላሙን በሰው ሠራሽ ዘዴ ያዳቀለ ገበሬ ሁሉ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ያውቃል። የአሳማ ዘር ግን ይህን አይችልም። የሕዋሱ ሽፋን ኮሌስትሮል ስለሚያንሰው ሙቀቱ በድንገት ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠው ደግሞ እርግዝናውንም የግልገሉንም ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ አሳማ የሚዳቀለው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በፈሳሽነቱ በቆየ ዘር ነው። ዘሩን ለጥቂት ቀናት በሕይወት የሚያቆየው ፈሳሽ ማቅጠኛ ይባላል።

በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በቤልትስቪል የግብርና ምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ የተቀመረው ነው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የተሠራው በረዶ የሆነ ዘር ለማቅለጥ ነበር። በውስጡ ያለው ግሉኮስ የተባለ ስኳር ለሕዋሱ ምግብ ይሆናል፤ ሲትሬትና ባይካርቦኔት የተባሉት ጨዎች አሲድነቱን ይቆጣጠራሉ፤ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዳል። ሦስት ቀን ያህል ያቆያል፤ ሳምንት የሚዘልቁ ሌሎች ዓይነቶችም አሉ።

አንድ ወንድ አሳማ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ለአንዲት እናት አሳማ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 3 ቢሊዮን ሕዋስ ስለሆነ፣ ያ ፈሳሽ ሲቀጥን ከሃያ በላይ ጠርሙስ ሊሞላ ይችላል። ሲቀላቀል ዘሩና ማቅጠኛው እኩል ሙቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ይህ በእጅ ዳሰሳ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይረጋገጥ። ከዚያ ጠርሙሱ 17 ዲግሪ ላይ በጨለማ ይቀመጣል፤ ሕዋሱ ከሥር እንዳይዘቅጥ በየቀኑ ቀስ ተብሎ ይገለበጣል።

ብዙ አርቢ የሚሳሳተው ግን ማቅጠኛው ደካማ ዘር የሚያጠነክር ሲመስለው ነው። ማቅጠኛ ያለውን ያቆያል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት የመታው አሳማ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ አርቢው ምንም ያልበደለውን ጠርሙስ ይወቅሳል። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን በበቂ ያለበት መኖ ከማንኛውም ውድ የማቅጠኛ ዱቄት ይቀድማሉ። ዘር ሲሰበሰብም መጀመሪያ የሚፈሰው በባክቴሪያ የተበከለ ስለሆነ ይደፋል፤ ጄል መሳዩ ክፍል በሻሽ ተጣርቶ ይቀራል፤ የላቴክስ ጓንት ሕዋሱን ስለሚመርዝ ቪኒል ይደረጋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከ70 በመቶ በታች የሚንቀሳቀስ ዘር ማቅጠኛ አይባክንበትም።

በእርግጥ ብርቱውን ሕዋስ ከደካማው የሚለይ ዘዴም አለ። በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ዘዴ ዘሩ ኮሎይድ በተባለ ፈሳሽ ላይ ተደርጎ ሴንትሪፊዩጅ በተባለ መሣሪያ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ጤነኞቹ ወደ ሥር ሲወርዱ ደካሞቹና አብዛኛው ባክቴሪያ ከላይ ይቀራሉ። አሳማ የሚሰጠው ፈሳሽ ብዙ በመሆኑ ግን ሥራው አድካሚ ነው፤ ለተራ እርባታ ወጪውን አይመልስም።